«ቅድሚያ ይክፈሉ፣ ከዚያ እንልካለን»፦ የኦንላይን የበዓል ገበያ የረሳው ሦስተኛ ሰው

በዓል ሲቃረብ የቴሌግራም ሱቆች እንዴት እንደሚሟሟቁ አስተውላችሁ ይሆናል። ለእንቁጣጣሽ የልጆች ልብስ፣ ለኢሬቻ ባህላዊ ቀሚስ፣ ለገና የስጦታ ዕቃ፣ ለፋሲካ የወጥ ቤት ዕቃ ይለጠፋል። ከፎቶው ሥር ያለው ጽሑፍም ከሱቅ ሱቅ ብዙ አይለያይም፦ «ውስን ፍሬ ነው የቀረን»፣ «ለዋጋ በውስጥ መስመር ያናግሩን»፣ «አዲስ አበባ ያሉበት እናደርሳለን፣ ሲረከቡ ይከፍላሉ»። ከዚያ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው አንድ መስመር ይመጣል፦ «ለክፍለ ሀገር ደንበኞች ቅድሚያ ክፍያ»።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያች አንድ መስመር ነው። አምቦ፣ ጉደር፣ ጊንጪ ወይም ጌዶ የምትኖሩ ከሆነ የተጻፈችው ለእናንተ ነው። ሱቁ ያው ነው፣ ቀሚሱም ያው፣ ዋጋውም ያው። አራት ኪሎ ያለችው ልጅ ግን ቀሚሱን አይታ፣ ዳስሳና ለክታ ትከፍላለች። አምቦ ያለችው ደግሞ ፎቶ አይታ ትከፍልና ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 115 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን አስፋልት ብቻ ነው። ርቀት ማጓጓዣውን ቢያስወድደው ይገባኛል። ግን አደጋውን በሙሉ ለምን ወደ አንዱ ወገን ይገፋዋል?

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «መተማመን ያስፈልጋል» የሚል ነው። እኔ ደግሞ ነገሩ መጀመሪያ የአሠራር ጉድለት ነው እላለሁ። ጉድለቱንም የኮምፒውተር ሳይንስ ሰዎች ከ40 ዓመት በፊት ጀምሮ ያውቁታል።

ገበያውና ቻናሉ

መጀመሪያ ቻናሉን ከምናውቀው ገበያ ጋር እናወዳድረው። የአምቦ የቅዳሜ ገበያ ውስጥ ስትገቡ መረጃ ከየአቅጣጫው ይመጣላችኋል። ሻጯ ዋጋ ትናገራለች፣ አጠገቧ ያለችው ሌላ ዋጋ ትጠራለች፣ ከእናንተ በፊት የገዛችው ሴትዮ «ኧረ ተይው፣ ቀለሙ ይለቃል» ትላለች። ዕቃውን በእጃችሁ ታያላችሁ። ሻጯንም በሚቀጥለው ቅዳሜ እዚያው ቦታ ታገኟታላችሁ።

የቴሌግራም ቻናል ግን በተፈጥሮው የአንድ አቅጣጫ መንገድ ነው። ባለቤቱ ይለጥፋል፣ እናንተ ታነባላችሁ። አስተያየት መስጫውን መክፈትም መዝጋትም የሱ ፈንታ ነው፤ የተናደደ ደንበኛ የጻፈውን ማጥፋትም ይችላል። «50 ሺህ ተከታይ አለው እኮ» የሚለው ማስረጃም ደካማ ነው፤ ተከታይ በገንዘብ ይገዛል። ዋጋው በውስጥ መስመር ሲሆን ደግሞ ጎረቤት ሱቅ ላይ ካለው ጋር ማወዳደር ይከብዳችኋል፤ ለእናንተ የተነገረው ዋጋ ለሌላው የተነገረው መሆኑንም የምታውቁበት መንገድ የለም።

«ውስን ፍሬ ነው የቀረን» የሚለውስ? እ.ኤ.አ. በ1975 እስቲቨን ዎርቼልና ባልደረቦቹ ቀላል ሙከራ ሠርተው ነበር። ለተሳታፊዎች አንድ ዓይነት ብስኩት ሰጧቸው፤ ለአንዳንዶቹ 10 ብስኩት ካለበት ማሰሮ፣ ለሌሎቹ 2 ብቻ ከቀረበት። ብስኩቱ አንድ ሆኖ ሳለ፣ ከጎደለው ማሰሮ የወሰዱት ይበልጥ ተፈላጊ አድርገው ገመቱት። ዋዜማ ላይ ስትሆኑ ይህ ግፊት እጥፍ ይሆናል፤ ምክንያቱም ዕቃው ባያልቅም ጊዜው እያለቀ ነው። የገና ቀሚስ ታኅሣሥ 30 ቢደርስ የገና ቀሚስ አይደለም። ኢንጂነሪንግ ስንማር እንዲህ ዓይነቱን ሥራ «ከቀነ ገደቡ ካለፈ ዋጋ የሌለው» ብለን ለብቻው እንመድበዋለን። የበዓል ስጦታ ከዚህ ምድብ ነው። ሻጩም ይህን ያውቃል።

ማን ይቅደም?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። እናንተ ገንዘብ አላችሁ፣ ሻጩ ቀሚስ አለው። ተራርቃችኋል፣ አትተዋወቁም። ሁለታችሁም የምትፈልጉት አንድ ነገር ነው፦ ወይ ሁለቱም ነገር ይለዋወጥ፣ ወይ ሁለቱም ባለበት ይቅር። አንዱ ሰጥቶ ሌላው ሳይሰጥ መቅረት የለበትም። በኮምፒውተር ሳይንስ ይህ «ፍትሐዊ ልውውጥ» ይባላል።

እስቲ ራሳችሁ ሞክሩት። የልውውጡን ደረጃዎች በወረቀት ጻፉ። እኔ ይህን አደርጋለሁ፣ አንተ ያን ታደርጋለህ፣ ከዚያ እኔ... እንዴትም ብትጽፉት አንዱ ወገን የሚፈልገውን ሁሉ ያገኘበት፣ ሌላው ግን ገና የሚጠብቅበት አንድ ቅጽበት ይኖራል። ያ የጨረሰው ሰው በዚያች ቅጽበት ስልኩን ቢያጠፋ በቃ፣ አለቀ። ደረጃ ብትጨምሩም ቅጽበቷ ቦታ ትቀይራለች እንጂ አትጠፋም።

ሺሞን ኤቨንና ያኮቭ ያኮቢ እ.ኤ.አ. በ1980 የዚህን ቅርብ ዘመድ የሆነውን የውል መፈራረም ችግር አጥንተው ተመሳሳይ መደምደሚያ ላይ ደረሱ። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ዳርምሽታት ጀርመን የነበሩት ሄኒንግ ፓግኒያና ፌሊክስ ጌርትነር ለልውውጥ ራሱ አረጋገጡት፦ ሁለቱም የሚያምኑት ሦስተኛ ወገን ከሌለ ሙሉ በሙሉ ፍትሐዊ ልውውጥ አይቻልም። እዚህ ላይ «አይቻልም» ማለት «ይከብዳል» ማለት አይደለም፤ የሒሳብ ማረጋገጫ ያለው አይቻልም ነው።

አንድ ማምለጫ አለ። ነገሩን በትንሽ በትንሹ ቆራርጦ መለዋወጥ፦ ትንሽ ገንዘብ፣ ትንሽ ዕቃ፣ ትንሽ ገንዘብ፣ ትንሽ ዕቃ። ያኔ አንዱ ቢከዳ እንኳ የሚጠፋው ቁራጭ ነው። ለዲጂታል ፋይል ይህ ይሠራል። ለቀሚስ ግን አይሠራም። እጅጌውን ዛሬ፣ ቀሪውን ነገ የሚልክ ሻጭ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ስለዚህ «ቅድሚያ ክፍያ» ችግሩን አልፈታውም። ያቺን ክፉ ቅጽበት ሙሉ በሙሉ በገዢው ትከሻ ላይ አስቀምጧታል። ፍትሐዊ ለመሆን ተቃራኒውንም እንይ፦ «ሲረከቡ ይከፍላሉ» ደግሞ ቅጽበቷን ወደ ሻጩ ያዞራታል። ቀሚሱን አምቦ ድረስ ልኮ ደንበኛዋ ስልኳን ካላነሳች የደርሶ መልስ ማጓጓዣው የሱ ኪሳራ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን አደጋ የሚሸከመው ትንሽ ስለሆነ ነው፤ አንድ ሞተረኛ በአንድ ቀን ብዙ ቤት ያዳርሳል። ነጋዴው ለክፍለ ሀገር ቅድሚያ ሲጠይቅ ክፉ ስለሆነ ላይሆን ይችላል። የምነቅፈው ምርጫው ሁለት ብቻ እንደሆነ አድርጎ ማቅረቡን ነው።

ሐቀኛው ለምን ቀድሞ ይወጣል?

«ታዲያ ብዙ ሻጭ ሐቀኛ ከሆነ ምን ችግር አለው?» ትሉ ይሆናል። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ በጻፈው ጥናት ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2001 ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር የኖቤል ሽልማት የተጋራውም በዚሁ መስክ በሠራው ሥራ ነው። ሐሳቡን በቀሚስ እንሥራው። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው።

አንድ ቀሚስ ለእናንተ 3,000 ብር የሚያወጣ ነው እንበል። አምስት ሻጮች አሉ። አራቱ ሐቀኞች ናቸው፣ አንዱ ገንዘብ ተቀብሎ የሚጠፋ። ማን ማን እንደሆነ አታውቁም። ከአምስት አንድ ጊዜ ባዶ እጃችሁን ስለምትቀሩ፣ ቅድሚያ ለመክፈል የሚያዋጣችሁ ከፍተኛው ዋጋ 3,000 × 4/5 = 2,400 ብር ነው።

ከሐቀኞቹ ሁለቱ ጥሩ ጨርቅ ስለሚጠቀሙ ወጪያቸው 2,600 ብር ነው። በ2,400 መሸጥ አይችሉምና ይወጣሉ። አሁን ሦስት ሻጮች ቀሩ፦ ሁለት ሐቀኞችና አንድ አታላይ። ሒሳቡ 3,000 × 2/3 = 2,000 ብር ሆነ። የቀሩት ሐቀኞች ወጪ 2,300 ብር ከሆነ እነሱም ይወጣሉ። ገበያው ውስጥ የቀረው ማን ነው? ምንም ወጪ የሌለበት አታላዩ።

አያችሁ፣ አምስቱም አታላይ መሆን አላስፈለጋቸውም። አንዱ በቃ። ቀድሞ የወጣውም ጥሩ ጨርቅ የሚጠቀመው ነው። አምቦ ውስጥ ባህላዊ ልብስ እየሰፋ በቴሌግራም ለመሸጥ የሚፈልግ ወጣት ካለ፣ የቅድሚያ ክፍያ አሠራር እሱንም ይጎዳዋል፤ የማያውቁት ሰዎች የሚከፍሉት ለሱ ሥራ ሳይሆን ለአማካዩ ጥርጣሬ ነው።

አምቦ የምትሠራ አንዲት ጓደኛዬ ለእናቷ የበዓል ቀሚስ ከአንድ ቻናል አዝዛ ከፈለች። ከሦስት ቀን በኋላ ስትጠይቅ ቻናሉ አግዷት ነበር። ከዚያ ወዲህ በኦንላይን ዕቃ አትገዛም። ከጠፋባት ገንዘብ ይልቅ ይህ ነው የሚያሳስበኝ፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ በቅንነት የሚሸጡትም ሁሉ አጥተዋታል።

መናኸሪያው የሚያውቀው ነገር

አሁን ደግሞ ኢንተርኔቱን ትተን መንገዱን እንይ። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ በኩል ዕቃ የሚጓዝበትን መንገድ ታውቁታላችሁ። ላኪው ካርቶኑ ላይ በማርከር የተቀባዩን ስምና ስልክ ይጽፋል። ለሹፌሩ ወይም ለረዳቱ ይሰጣል። የመኪናውን ታርጋ፣ የሹፌሩን ስልክና የተነሳበትን ሰዓት ለተቀባዩ ይልካል። ተቀባዩ ሰዓቱን አስልቶ መናኸሪያ ይጠብቃል፣ ይደውላል፣ ይረከባል፣ «ደርሶኛል» ብሎ ለላኪው መልሶ ይደውላል።

ይህን «ኋላ ቀር» ብሎ ማለፍ ይቀላል። ግን በኢንጂነር ዓይን እዩት። ታርጋው የመከታተያ ቁጥር ነው። የካርቶኑ ጽሑፍ አድራሻ ነው። የመጨረሻው ስልክ የመረከቢያ ማረጋገጫ ነው። ሹፌሩ ደግሞ ነገም ከነገ ወዲያም እዚያው መናኸሪያ ስለሚመላለስ የሚያጣው ስም አለው፤ በአንድ ካርቶን ስሙን አይሸጥም። ይህ ሁሉ በአንድ የአማርኛ ቃል ይጠቃለላል፦ አደራ። ኮምፒውተር ሳይንቲስቶቹ «የታመነ ሦስተኛ ወገን» የሚሉት እኛ ዘንድ የአደራ ተቀባይ ነው።

ጎደሎውም እዚህ ጋ ይታያል። ሹፌሩ አደራ የተቀበለው ዕቃውን ብቻ ነው። ገንዘቡ ከሱ ተለይቶ በሞባይል ቀድሞ ሄዷል። ስለዚህ «ካርቶኑ ደርሷል» ብሎ ሊመሰክር ይችላል እንጂ ውስጡ ያለው ቀሚስ ይሁን ጨርቅ እሱን አይመለከተውም። ተቀባዩ ጉደር ወይም ጌዶ ከሆነ ደግሞ ካርቶኑ አምቦ ላይ መኪና ሊቀይር ይችላል፤ አደራው ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ በተላለፈ ቁጥር «የት ጋ ተቀየረ?» የሚለው ጥያቄ ይከብዳል።

በጉን ማን አየው?

የርቀት የበዓል ስጦታ በኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ብዙም ሳይቆይ ኢትዮጊፍት የሚባል ድረ ገጽ ውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን ለበዓል በግ ሳይቀር ገዝተው አገር ቤት ላለ ቤተሰብ የሚልኩበት አገልግሎት ጀመረ። ከፋዩ በጉን አላየውም፣ አልዳበሰውም፤ ሻጩንም በአካል አያውቀውም። ታዲያ እንዴት ሠራ?

ቅርጹን እዩት። ገንዘቡ ውጭ አገር ይከፈላል፣ በጉ ግን ለሻጩ ጎረቤት ለሆኑት ለእናት ይደርሳል። በጉ ከሲታ ከሆነ እናት ያዩታል፣ ይደውላሉ። በክሬዲት ካርድ የተከፈለ ገንዘብ ደግሞ ዕቃው ካልመጣ በካርዱ ባንክ በኩል አቤቱታ ሊቀርብበትና ሊመለስ ይችላል። ያ አሠራር ምስክርም ዳኛም ነበረው። የሞባይል ገንዘብ ግን እንዲህ አይደለም፤ ወደ ግለሰብ ሒሳብ የላካችሁትን እናንተ ስለፈለጋችሁ ብቻ መልሳችሁ አትወስዱትም። ፈጣን መሆኑ ጥቅሙ ነው፤ ለማያውቁት ሰው ቅድሚያ ሲከፈል ግን ያው ፍጥነት አደጋ ይሆናል።

ቻይናም ተመሳሳይ ግድግዳ ገጥሟት ነበር። ታኦባዎ የተባለው የኦንላይን ገበያ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲከፈት የማይተዋወቁ ሰዎች እንዴት ይገበያዩ የሚለው ትልቁ እንቅፋት ነበር። መልሱ አሊፔይ ሆነ፦ ገንዘቡ መሀል ላይ ይቀመጣል፣ ገዢው ዕቃውን ተቀብሎ ሲያረጋግጥ ለሻጩ ይለቀቃል። ያ የአደራ ሣጥን ነው በኋላ ግዙፍ የክፍያ ኩባንያ የሆነው።

እኛ ምን ጎደለን?

ቁርጥራጮቹ አብዛኞቹ በእጃችን አሉ። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ ከ40 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ አፍርቷል። በ*127# ስለሚሠራም ዳታ አይፈልግም፤ እንዲህ ዓይነቱ አጭር ቁጥር የሚጓዘው ስልኩ ከአንቴናው ጋር በሚነጋገርበት የምልክት መስመር ላይ ነው። እናታችሁ የያዙት ባለ ቁልፍ ስልክም ይበቃል ማለት ነው። የመናኸሪያው የዕቃ መንገድም ተዘርግቷል። የጎደለው ሁለቱን የሚያስተሳስር አንድ ቋጠሮ ነው።

እንዲህ አስቡት። ገዢዋ ትከፍላለች፣ ገንዘቡ ግን ይቆለፋል። ሻጩ «ገንዘብ ተቀምጧል» የሚል መልእክት ስለሚያይ ያለ ሥጋት ዕቃውን ይጭናል። አምቦ መናኸሪያ ላይ ካርቶኑ ይከፈታል፣ ይታያል። ልክ ከሆነ ገዢዋ የምስጢር ቁጥሯን ታስገባለች፣ ገንዘቡ በሴኮንዶች ውስጥ ይለቀቃል። ካልሆነ ካርቶኑ በመጣበት ይመለሳል፣ ገንዘቡም ይመለሳል።

ነጻ ነው አልልም። አደራ ጠባቂው ክፍያ ይፈልጋል። ትንሽ ካፒታል ያለው ነጋዴ ደግሞ ገንዘቡ ለሁለት ቀን ሲታሰር በበዓል ሰሞን ዕቃ መሙያ ሊያጥረው ይችላል። ቀሚሱን ራሷ ቀድዳ «ተቀዶ መጣ» የምትል ገዢም ልትኖር ትችላለች፤ ለዚህ መናኸሪያው ላይ ሲከፈት የሚያይ ምስክር ያስፈልጋል። እነዚህ ግን ሊፈቱ የሚችሉ የኢንጂነሪንግ ችግሮች ናቸው። ያለ ሦስተኛ ወገን ፍትሐዊ ልውውጥ ማምጣት ግን፣ ከላይ እንዳየነው፣ ሊፈታ የማይችል ነው። የትኛው ላይ ጊዜያችንን ብናጠፋ ይሻላል?

እስከዚያው ድረስ

ለመጪው በዓል ለምትገዙ፣ ከዚህ ሒሳብ የሚከተሉ ጥቂት ነገሮች አሉ። አዲስ አበባ ዘመድ ካላችሁ እሱ ይረከብላችሁ፤ አይቶ፣ ከፍሎ በመኪና ይላክላችሁ። ያኔ «ሲረከቡ ይከፍላሉ» የሚለው መብት ለእናንተም ሆነ ማለት ነው፤ ሦስተኛውን ሰው ራሳችሁ አስገባችሁት። ዘመድ ከሌለ የሱቁን አካላዊ ቦታ ጠይቁ፣ አስተያየት መስጫው የተዘጋ ቻናል ላይም ከማዘዝ ተቆጠቡ።

የተነጋገራችሁትን በስክሪን ሾት አስቀሩ። በቴሌግራም የግል መልእክት አንዱ ወገን የተጻፈውን ከሁለቱም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል፤ ግን የጠፋ መልእክት ማንንም አይረዳም። ሻጭ ከሆናችሁ ደግሞ ደንበኛ የላከውን የክፍያ ፎቶ አትመኑ፣ ፎቶ ይሠራል፤ ገንዘቡ መግባቱን ከራሳችሁ ሒሳብ እዩ።

ኮምፒውተር ሳይንስ ወይም ኢንጂነሪንግ የምታጠኑ አንባቢዎች ደግሞ የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ ስትፈልጉ «ሌላ የኦንላይን ሱቅ» ከመሥራታችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ አምቦ መናኸሪያ ቁጭ በሉ። ስንት ካርቶን እንደሚወርድ፣ ማን ለማን እንደሚደውል፣ ገንዘቡ መቼና በማን በኩል እንደሚያልፍ መዝግቡ። ሱቅ ሞልቶናል። አደራ የሚይዝ ነው ያጣነው።